ፖለቲካ ሳይንስ ተምሬ የት ልቀጠር?

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካ ሳይንስ የሚማር ልጅ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ ሲሄድ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም። "ይሄ ትምህርት ሲያልቅ ምን ያሠራል?" ይባላል። ጥያቄው የእንጀራ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ" እየተባለ በኖረበት አገር ልጃቸው አራት ዓመት ሙሉ ፖለቲካ ሲማር ወላጆች ቢሳቀቁ አይፈረድባቸውም። ከተማሪዎቹ መካከል ደግሞ ዲፓርትመንቱን ወደው ያልገቡበት አሉ። ሌላ ሞልተው ይሄ ደረሳቸው። እነዚህ ለቤተሰብ ቀርቶ ለራሳቸውም የሚሰጡት መልስ የላቸውም።

እኔ መልስ አለ ባይ ነኝ። ሥራው አለ፤ ግን በትምህርቱ ስም አይጠራም። "የፖለቲካ ሳይንስ ባለሙያ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ለሚጠብቅ ሰው ባሕር ዳር ባዶ ከተማ ናት። ማስታወቂያው የሚለው የዕቅድና ክትትል ባለሙያ፣ የሰላም ግንባታ ባለሙያ፣ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ የፕሮጀክት ኦፊሰር፣ የዜግነት ትምህርት መምህር ነው። ወደነዚህ ሥራዎች የሚያስገባው በር አዲስ አበባ ብቻ ያለ ይመስለናል። ብዙው ግን ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ባጃጅ ይዞ በሚደረስባቸው ቢሮዎች ውስጥ ነው። የጎደለው ተማሪው ሳይመረቅ እዚያ ገብቶ እንዲሠራ የሚያደርግ ሥርዓት ነው።

ሥራው ለምን ጠበበ?

ድሮ አንዱ ዋና መንገድ ማስተማር ነበር። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ ስለነበር ተመራቂው ጠመኔ ይይዛል። ዛሬም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርት አለ። ነገር ግን ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ከዲግሪው በላይ የማስተማር ዲፕሎማ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ አካባቢ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተዋል። የተዘጋ ትምህርት ቤት አዲስ መምህር አይቀጥርም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት ሆኖ መቅረት ሌላው ተስፋ ነበር። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ የሚወስዷቸው የሥነ ምግባርና የዜግነት ትምህርት እንዲሁም ግሎባል ትሬንድስ የሚባለው ኮርስ ለዚህ ሙያ ሰዎች ብዙ ክፍል ከፍተው ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ወደ ግቢዎች የሚገባው ተማሪ ቁጥር ቀነሰ። ክፍል ሲቀንስ መምህር አይጨመርም።

ስለ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። የዚህ ሙያ ዕድል ከሕግ ጋር እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በግጭት አፈታት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። እነዚህ ሦስቱ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የተማረባቸው ጉዳዮች ናቸው። የአገር ውስጥ ገንዘብ በቀላሉ ስለማይገኝ ብዙ ድርጅቶች ሥራቸውን ቀየሩ ወይም ተዳከሙ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት የተመረቀ ልጅ በሙያው ሊቀጠርበት የሚችለው የሲቪክ ማኅበር በጣት የሚቆጠር ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ 1113 መጥቶ ክልከላውን አነሳ። አዳዲስ ድርጅቶች ተመዘገቡ፤ በሰላም፣ በምርጫና በመብት ዙሪያ ፕሮጀክቶች ተከፈቱ።

ብዙም አልዘለቀም። በሰሜኑ ጦርነት፣ ቀጥሎም በክልሉ ግጭት፣ የገንዘቡ ትኩረት ወደ እርዳታ እህልና ወደ መጠለያ ዞረ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ደግሞ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን አቆመች፤ ዩኤስኤአይዲም ፈረሰ። ኢትዮጵያ የዚያ እርዳታ ዋነኛ ተቀባይ ከነበሩት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ተዘጉ። ባሕር ዳር ላይም ትናንት አለቃ የነበሩ ሰዎች ሲቪ ማስገባት ጀመሩ። ዛሬ ተመራቂው የሚፎካከረው ከክፍል ጓደኛው ጋር ብቻ አይደለም። ሰባትና ስምንት ዓመት ልምድ ይዞ ሥራ ካጣ ሰው ጋር ነው። ይሄ ከባድ ነው። ተማሪዎችም ሊያውቁት ይገባል፤ ማስተዛዘኛ ተነግሯቸው መመረቅ የለባቸውም።

ልምድ ማለት ምን ማለት ነው?

ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው በስልክ ፎቶ የሚያነሱ ተመራቂዎችን ያላየ የለም። መጀመሪያ የሚያዩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ የትምህርት ዝግጅት የሚለው መስመር ላይ የነሱ ዲፓርትመንት ስም መኖሩን ነው። ካልኖረ "እና ተዛማጅ" የሚል ቃል ይፈልጋሉ። ሌላው የሥራ ልምድ ነው። "ዜሮ ዓመት" ካለ ይመዘገባሉ። "ሁለት ዓመት" ካለ ወደሚቀጥለው ወረቀት ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት ነገር አለ። በተማሪነት ዘመን የተሠራ ኢንተርንሺፕ ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ቅጥር እንደ ሥራ ልምድ የሚቆጠር ይመስላቸዋል። ከግል ድርጅት የሚመጣ የልምድ ማስረጃ ደመወዙንና የሥራ ግብር መከፈሉን እንዲገልጽ ይጠየቃል። ልምዱም ከምረቃ በኋላ የተገኘ መሆን አለበት። ያለ ደመወዝ የተሠራ የሁለት ወር ልምምድ ይህን አያሟላም። ማህተም ያለበት የምስጋና ወረቀት ፋይል ውስጥ ያምራል፤ ነጥብ ግን አያስገኝም።

ታዲያ ለምን ይሠራል? ለሁለት ነገር። አንደኛው ሥራህን በዓይኑ ያየ ሰው ታፈራለህ። አገራችን ላይ ክፍት ቦታ መኖሩ የሚሰማው ብዙ ጊዜ በሰው ነው። አጎቱ ቢሮ ኃላፊ የሆነ ልጅ ይሄን ዕድል ሲወለድ ያገኘዋል። ከደጋ ዳሞት ወይም ከእብናት ተምሮ የመጣ፣ ከተማው ላይ አንድም ዘመድ የሌለው ልጅ ግን ከየት ያምጣው? ለሱ ልምምድ ማለት ዘመድ ባይኖረውም የሚያውቀው ሰው እንዲኖረው ማድረጊያ ነው። ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘውም ለዚህ ነው። ልምምድ በሥርዓት ካልተሰጠ የሚያገኙት ሰው ያላቸው ብቻ ይሆናሉ።

ሁለተኛው በእጅህ የጻፍከው ነገር ይኖርሃል። ይሄኛው የበለጠ ስለሚያሳስበኝ እቆይበታለሁ።

ቃለ ጉባኤው

አንድ ወረዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ እንበል። አጀንዳው ጣና ሲሸሽ የሚገለጥ መሬት ነው። ሐይቁ በበጋ ወደ ኋላ ሲመለስ ዳርቻው ላይ ለም መሬት ይወጣል። አንዱ ከብት ያሰማራበታል፣ ሌላው ሽንብራ ይዘራበታል። ሁለት ቀበሌ ይገባኛል ይላል። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሽማግሌ ይናገራል፣ ወጣት ይቆጣል፣ ሊቀመንበሩ ያረጋጋል። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚጻፈው ይሄ ነው፦

"በአጀንዳው ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ የቀጣይ አቅጣጫ ተቀምጦ ስብሰባው ተጠናቋል።"

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያላነበበ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ማን ምን እንዳለ አትናገርም። ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚያልቅ አትናገርም። በሚቀጥለው ዓመት ፀቡ ሲመለስ ፋይሉ ሲከፈት ባዶ ነው። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል።

አሁን ያንኑ ስብሰባ ፖለቲካ ሳይንስ በደንብ የተማረ ልጅ ቢጽፈው፦ "የቀበሌ ሀ ተወካዮች መሬቱ በውኃ መሸሽ የተገለጠ በመሆኑ የጋራ ግጦሽ ነው ብለዋል። የቀበሌ ለ ተወካዮች ለሦስት ዓመት ግብር ከፍለንበታል በማለት ደረሰኝ አቅርበዋል። የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት እስከ መጋቢት 15 ድረስ ወሰኑን ለክቶ እንዲያቀርብ፣ እስከዚያው ማንም እንዳያርስ ተወስኗል። ከቀበሌ ሀ ሁለት ተሰብሳቢዎች በውሳኔው አልተስማሙም።"

አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን ባለጉዳዮቹ፣ ጥቅማቸው፣ ማስረጃቸው፣ ሥልጣን ያለው አካልና ያልተፈታው ቅሬታ ሁሉም አሉበት። ተማሪው በክፍል ውስጥ ስለ ተቋም፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ግጭት ያነበበው ሁሉ እዚህ ላይ ሥራ ይሆናል። ክፍል ውስጥ የሚጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቢሮው የሚሠራው በአማርኛ ነው። አርባ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀ ልጅ አንድ ገጽ የአማርኛ የውሳኔ ሐሳብ ጻፍ ሲባል ብዕሩ ይቆማል። አልሰነፈም፤ ማንም አላስተማረውም።

የመውጫ ፈተናውም አይረዳውም። ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ግዴታ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከመቶ 40 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት በሙሉ ለፈተናው ያነባል። ቢያነብ አይፈረድበትም፤ ካላለፈ ዲግሪ የለም። ግን ፈተናው በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድ አንቀጽ አያስጽፍም። መሠረታዊ እውቀት መመዘኑን አልቃወምም። የምቃወመው ለልምምድ የሚሆነውን ጊዜ እሱ ብቻውን ሲወስደው ነው።

በምህንድስና በኩል ይሄ ችግር በሌላ መንገድ ተፈትቷል። ፖሊ በሚባለው የምህንድስና ግቢ ያሉ ተማሪዎች ከግቢ ወጥተው ፋብሪካና ሳይት ላይ የሚውሉበት ወቅት በትምህርታቸው ውስጥ ተቆርጦ ተሰጥቷቸዋል። ሪፖርት ይጽፋሉ፣ ውጤት ይያዝላቸዋል። የሕግ ተማሪዎችም የነጻ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ ባለጉዳይ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ግን በአብዛኛው የራሱን ደብዳቤ ይዞ በየቢሮው ይዞራል። ጸሐፊዋ "ነገ ና" ትለዋለች። ነገ ሲሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው።

በባጃጅ የሚደረስባቸው ቦታዎች

ባሕር ዳር የክልል ዋና ከተማ መሆኗን ተማሪዎቻችን ይረሱታል። የክልሉ ምክር ቤት እዚህ ነው። ሕግ የሚረቀቀው፣ በጀት የሚጸድቀው፣ ቢሮዎች ለጥያቄ የሚቀርቡት እዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በከተማዋ ጽሕፈት ቤት አለው። የዕንባ ጠባቂ ተቋምም ቅርንጫፍ አለው። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ዋና መሥሪያ ቤቱ ባሕር ዳር ነው፤ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው በኩር ጋዜጣም በሱ ሥር ነው። የአማራ ልማት ማኅበርም፣ ቀድሞ የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅት የነበረው ኦርዳም ዋና ቢሮአቸው እዚሁ ነው። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ከነዚህ አንዱ ጋ ሁለት ወር ቢቀመጥ ምን ያህል እንደሚማር አስቡት።

በኔ ግምት ግን ትልቁ ሀብት ሐይቁ ነው። ስለ ዓባይ ፖለቲካ በካይሮና በለንደን ብዙ ተጽፏል። ወንዙ ከጣና የሚወጣው ግን እዚህ፣ ጨረጨራ ላይ ነው። እዚያ ያለው መቆጣጠሪያ ግድብ ሲከፈትና ሲዘጋ የሐይቁ ከፍታ ይለወጣል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫም ውኃውን የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው። መብራት ያስፈልጋል። ዓሣ አጥማጁ ውኃ ይፈልጋል። ጀልባው መውረጃ ይፈልጋል። ገበሬው የተገለጠውን መሬት ይፈልጋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭ ደግሞ ሁሉንም ያውካል። ዩኔስኮ ጣናን በ2015 እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። አንድ ሐይቅ ላይ ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት ወረዳ፣ ስንት ቢሮ እንደሚያዝ አንድ ተማሪ ቢያጠና ሥራው ለመመረቂያ ብቻ አይሆንም። የሐይቁ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም ያነበዋል፣ ለጋሽም ያነበዋል።

ወቅቱም ነው። የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ከጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚህ በኋላ ስለ ውኃው የሚወራው ድርድር ብቻ አይሆንም፤ አስተዳደርም ይሆናል። ለዚያ የሚሆን ሰው ከጣና ዳር ካልወጣ ከየት ይወጣል? የጣና ፎረም የሚባለው የአፍሪካ የጸጥታ ጉባኤ ከ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ በዚችው ከተማ ሲካሄድ መሪዎች መጥተው ተወያይተዋል። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲመጣ ለተማሪዎቻችን የተመዝጋቢ ካርድ ማደል አይበቃም። ማስታወሻ ያዥና የሪፖርት ረዳት ሆነው መግባት አለባቸው።

አዲስ አበባን አልንቅም። የአፍሪካ ኅብረት ከ18 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶችን የሚወስድበት የበጎ ፈቃድ መርሃ ግብር አለው፤ መሞከር ጥሩ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ኢንተርንሺፕ ግን ደመወዝ የለውም። አዲስ አበባ ላይ ለወራት ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ በነጻ መሥራት የሚችለው ማን ነው? ቦታው የክፍሉን ጎበዝ ሳይሆን አቅም ያለውን ይመርጣል።

ከምረቃ በፊት ገንዘብም ልምድም የሚሰጥ አንድ ሥራ ብዙ ይናቃል፤ ዳታ መሰብሰብ። ታብሌት ይዞ ቤት ለቤት እየሄዱ ኮቦ በሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ጥያቄ መሙላት። አድካሚ ነው፣ ቀናት ብቻ ነው የሚቆየው። ቢሆንም መጠይቅ እንዴት እንደሚበላሽ፣ ሰው ስለ መንግሥት ሲጠየቅ ለምን እንደሚጠነቀቅ የሚታወቀው እዚያ ነው። ጎበዝ ሰብሳቢ በሚቀጥለው ዙር ሱፐርቫይዘር ይሆናል። ምርጫ ሲመጣም ቦርዱ ጊዜያዊ አስፈጻሚዎችን ይመለምላል። እዚህ ላይ ግን ማወቅ ያለባችሁ አለ፦ የምርጫ አስፈጻሚ የፓርቲ አባል መሆን አይችልም። ግቢ እያላችሁ ለሥራ ይጠቅመኛል ብላችሁ የምትሞሉት የአባልነት ቅጽ አንድ በር ሲከፍት ሌላ በር ይዘጋል። የሰብአዊ መብት ድርጅቶችም ገለልተኝነትን አጥብቀው ይጠይቃሉ። ሳትቸኩሉ አስቡበት።

ምን ይደረግ?

ዲፓርትመንቱ ልምምዱን ውጤት ያለው ኮርስ ያድርገው። ተማሪው ሲመለስ የሚያቀርበው ያሳለፈውን ቀን የሚቆጥር ሪፖርት መሆን የለበትም። በአማርኛ የተጻፈ የሁለት ገጽ የውሳኔ ሐሳብና የአንድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያቅርብ። መምህሩ ያርመው፤ የቢሮው ሰውም አስተያየት ይጻፍበት። ይህ ወረቀት ለቃለ መጠይቅ ሲሄድ ከነጥቡ ቀጥሎ የሚያሳየው ነገር ይሆነዋል።

ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ዶርምና ካፌ ይፍቀድ። ልምምድ የሚመቸው ክረምት ላይ ነው፤ ግቢው ለመደበኛ ተማሪ የሚዘጋውም ክረምት ላይ ነው። ከተማው ላይ ቤት የሌለው ልጅ በሐምሌ የት ይደር? ለማደሪያው አዲስ በጀት አያስፈልግም። አልጋው አለ። ልምምድ ለተመደቡ ተማሪዎች ሁለት ወር ማራዘም ይበቃል።

ቢሮዎችም ቢሆኑ ተማሪን ለፎቶ ኮፒና ለሻይ መላክ ያቁሙ። እንዲህ ያለ ነገር በየቢሮው አይቻለሁ፤ ያማል። አራት ዓመት የተማረን ወጣት ጥግ አስቀምጦ ስልክ ሲነካ ማዋል ለማንም አይጠቅምም። አንድ ፋይል ስጡት። የአምስት ዓመት ቅሬታዎችን አንብቦ ምን እንደሚደጋገም ይጻፍላችሁ። የትኛውም ባለሙያ ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ሁሉም ግን ያስፈልገዋል።

ለተማሪዎቹ የምለው ጊዜውን የሚመለከት ነው። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ቢሮ የዓመቱን ሪፖርት ይጽፋል፣ አዲሱን ዕቅድ ያዘጋጃል። ምክር ቤቱም በጀት የሚያጸድቀው በዚያው አካባቢ ነው። ለመጻፍ የሚችል እጅ በጣም የሚፈለግበት ወር እሱ ነው። ሰኔ ላይ ደብዳቤ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ሰው ሁሉ ተጣድፎ የሚያነበው አታገኙም። የትብብር ደብዳቤውን ከዲፓርትመንት ሚያዝያ ላይ አውጡ። አንድ የጻፋችሁትን የአማርኛ ጽሑፍ አያይዙበት። የምትፈልጉትን የሥራ ክፍል በስም ጥቀሱ። "የትም መድቡኝ" አትበሉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ተቀበሉ። በሁለተኛው ሳምንት በዚያ ቁጥር ጠይቁ።